የኢንፊልደርን ካሪየር ስንመዝን ደጋግመን ምንሰራቸው ስህተቶች

ሰው ቤዝቦል ማየት ሲጀምር መጀመሪያ ሚገባው ሆም ረን (ከሜዳ ውጪ ምትወጣ ምት) ነው፣ ቀጥሎ ፒቸሩ (ኳሷን ለመቺው ሚወረውረው)። ኢንፊልደሩ ሚገባው በጣም ቆይቶ ነው፣ ለዛም ነው መሰለኝ ስለ ኢንፊልደር ስናወራ ዝም ብለን ምንዘባርቀው። እዚህ ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ኦሪዮልስና ናሽናልስ ሚባሉት ቡድኖች ቅርባችን ስለሆኑ ልጆቻችን ጎትተው ያስገቡን ብዙ ነን፣ ቡና ላይ ክርክሩ ይጦፋል፣ ግን ምሰማው ስህተት ሁሌ ያው ነው። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

ለጀማሪ ባጭሩ፦ ኢንፊልደር ሚባሉት አራት ናቸው፣ ፈርስት ቤዝ፣ ሰከንድ ቤዝ፣ ተርድ ቤዝ፣ እና በሰከንድና በተርድ መሃል ሚቆመው ሾርትስቶፕ። መቺው መሬት ለመሬት የላካትን ኳስ ለቅመው ሯጩ ፈርስት ቤዝን ሳይረግጥ እዛ ማድረስ ነው ዋናው ስራቸው። ሯጩ ሚሮጠው 27 ሜትር ከምናምን ነው፣ አራት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ በዛች አራት ሰከንድ ሾርትስቶፑ ኳሷ ከባቱ (ከመምቻው ዱላ) ስትነሳ አቅጣጫዋን ያነባል፣ ወደፊት ልግባባት ወይስ ልጠብቃት ብሎ ይወስናል፣ ጓንቱን መሬት ላይ አድርጎ ይቀበላታል፣ ከጓንቱ ወደ ቀኝ እጁ ሲያሻግራት ጣቶቹ የኳሷን ስፌት ፈልገው ይይዛሉ፣ እግሩን ያስተካክልና ይወረውራል። ከነዚህ አንዷ ላይ ግማሽ ሰከንድ ከባከነች ሯጩ ገብቷል። ይሄን በአመት በ162 ጨዋታ፣ ለዛውም ለአስርና ለአስራ አምስት አመት አስቡት።

ኤረር ቆጥሮ መፍረድ

ይሄ የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። አንድ ጋሼ ምንለው ሰውዬ አለ፣ ጨዋታውን ከኛ በፊት ነው የጀመረው፣ ሁሌ "አንተ ልጅ ወረቀቱን እየው፣ ኤረር የለበትማ!" ይለኛል። ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና ወረቀቱ ነው ሚሸውዶት።

ኤረር ሚመዘገበው ተጫዋቹ በተለመደ ጥረት መልቀም ወይም መወርወር ሚችለውን ኳስ ሲያበላሽ ነው፣ ሚወስነውም እዛው ስታዲየም ተቀምጦ ሚመዘግበው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ዘገምተኛ ሾርትስቶፕ ኳሷ ጋ ካልደረሰ ምንም አይጻፍበትም፣ ለመቺው ሂት (በራሱ ምት ቤዝ የደረሰበት) ተብሎ ያልፋል። ፈጣኑ ደሞ ሮጦ፣ ተወርውሮ፣ ጫፏን ነክቶ ከለቀቃት ኤረር ሊጻፍበት ይችላል። በእግር ኳስ ያልዘለለውን በረኛ "ጥፋት የለበትም" ብሎ፣ ዘሎ በጣቱ የነካትን መውቀስ ማለት ነው እኮ።

ኦዚ ስሚዝን እዩት፣ 1980 ላይ ለሳንዲያጎ ሲጫወት በአንድ ሲዝን 621 አሲስት አስመዘገበ፣ ለሾርትስቶፕ እስከዛሬ ያልተሰበረ ሪከርድ ነው። አሲስት ማለት ሌላው ተጫዋች ሯጩን እንዲያስወጣ ኳሷን ማቀበል ስለሆነ ያን ሁሉ ለማድረግ ያን ሁሉ ኳስ ጋ መድረስ አለብህ። የደረሰበትን ነው መቁጠር፣ ያበላሸውን ብቻ አይደለም።

በሌላ በኩል ደሞ ኤረር አለመስራትም ሁሌ አይሸለምም። የባልቲሞር ኦሪዮልሱ ካል ሪፕከን 1990 ላይ በ161 ጨዋታ ሾርትስቶፕ ሆኖ 3 ኤረር ብቻ ነው የሰራው፣ ሶስት! የዛን አመት ጎልድ ግሎቭ (በየቦታው ለምርጥ ተከላካይ ሚሰጠው ሽልማት) ግን ለቺካጎ ዋይት ሶክሱ ኦዚ ጊየን ተሰጠ። ሰዉ ሪፕከንን ትልቅ ሰውነት ስላለው ቀርፋፋ አድርጎ ነበር ሚያየው፣ እሱ ደሞ ፒቸሩ ምን ሊወረውር እንደሆነ አይቶ ኳሷ ከመመታቷ በፊት ቦታውን ይቀያይር ስለነበር ሲወረወርና ሲንከባለል አይታይም፣ ኳሷ ራሷ ወደሱ ምትመጣ ነው ሚመስለው። ተወርውሮ ሚለቅም ሰው ለካሜራ ያምራል፣ ቀድሞ እዛ የቆመው ግን ስራው አይታይም። እኔ በግሌ የሁለተኛው አድናቂ ነኝ።

ከዚሁ ጋር የኒውዮርክ ያንኪሱ ሾርትስቶፕ የዴሪክ ጂተር ነገር አለ። አምስት ጎልድ ግሎቭ አለው፣ ኒውዮርኮች ፊት ይሄን መጠየቅ ጠብ መፈለግ ነው። ግን የተሸፈነውን ቦታ ሚለኩት አዳዲሶቹ ቁጥሮች ጂተርን በመከላከል ከዘመኑ ሾርትስቶፖች ታች ካሉት ጋ ነው ሚያስቀምጡት። እጁ የገባችውን ኳስ አያበላሽም፣ ያለቀው እዛ ላይ ነው፣ እጁ ያልገባችው ብዙ ናት። በባቱ ግን 3,465 ሂት ያለው ሰው ነው፣ 2020 ላይ ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆቹ የክብር መዝገብ) ሲገባ ከ397 መራጭ 396ቱ መርጠውታል፣ ያን ማንም አይወስድበትም። ሁለቱን ለያይቶ ማውራት ነው ሚያቅተን።

በባት ቁጥር ብቻ መመዘን

ይሄ የመጀመሪያው ስህተት ግልባጭ ነው። ያው ኦዚ ስሚዝ በ19 ሲዝን ውስጥ 28 ሆም ረን ነው የመታው። ዛሬ ያን በአንድ ሲዝን ሚመታ ሾርትስቶፕ ሞልቷል። የመምታት አማካዩም .262 (ከሺ ሙከራ 262 ሂት) ነው፣ በቁጥሩ ብቻ ብታዩት ተራ ተጫዋች ነው ብላችሁ ታልፉት ነበር። ከ1982 ሲዝን በፊት ሳንዲያጎና ሴንት ሉዊስ እሱን በጋሪ ቴምፕልተን ሲቀያየሩ በመምታት በኩል ቴምፕልተን በብዙ ይበልጠው ነበር። ከዛ ምን ሆነ፣ ሴንት ሉዊስ እዛው 1982 ላይ ዎርልድ ሲሪየስ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ሚወስደው የአመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) አሸነፈ፣ ኦዚ ከ1980 እስከ 1992 በተከታታይ 13 ጎልድ ግሎቭ ሰበሰበ፣ 2002 ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ሆል ኦፍ ፌም ገባ። ያዳነው ረን (ነጥብ) እንደተመታ ረን እኩል ነው ሚቆጠረው፣ ግን ማንም ስላልጨፈረለት አይታወስም።

የቦታ ለውጥን እንደ ውድቀት ማየት

"ከሾርትስቶፕ ወደ ሰከንድ ቤዝ አወረዱት" ሚሉ ሰዎች አሉ። አወረዱት ሚለው ቃል አንዳንዴ ልክ ነው፣ አልክድም፣ እድሜ ሲገፋና ክንድ ሲደክም ሰው ከከባዱ ቦታ ወደ ቀላሉ፣ መጨረሻም ወደ ፈርስት ቤዝ ይሄዳል። ኤርኒ ባንክስ 1958 እና 1959 ላይ በተከታታይ ኤምቪፒ (የአመቱ ምርጥ ተጫዋች) የተባለው ሾርትስቶፕ ሆኖ ነው፣ ከዛ ግን ወደ ፈርስት ቤዝ ሄደና መጨረሻ ላይ ሲቆጠር ፈርስት ቤዝ ላይ የተጫወተው ከሾርትስቶፑ በልጦ ተገኘ፣ 1,259 ለ1,125። ሰው ሁሉ ሚያስታውሰው ግን ሾርትስቶፕነቱን ነው። ሮቢን ያውንት ትከሻው ስላስቸገረው ከሾርትስቶፕ ጭራሽ ወደ አውትፊልድ (ከኢንፊልደሮቹ ጀርባ ያለው ሰፊ ሜዳ) ወጣ፣ 1989 ላይ ሁለተኛ ኤምቪፒውን ከዛ ሆኖ ወሰደ። ይሄ ውድቀት ነው እንዴ?

ደሞ ቦታ ሚቀየረው ሁሌ ስለማይችል አይደለም። አሌክስ ሮድሪገዝ 2004 ላይ ያንኪስ ሲገባ ያለፉትን ሁለት አመታት የሾርትስቶፕ ጎልድ ግሎቭ ወስዶ ነው የመጣው፣ ግን ጂተር ቤት ውስጥ ነበረ፣ ካፒቴን ነው፣ ስለዚህ የተሻለው ለቃሚ ወደ ተርድ ቤዝ ሄደ። እንዲህ ያለውን በቁጥር አታገኙትም፣ የቡድን ፖለቲካ ነው።

ሚገርመኝ የማርከስ ሴሚየን ነው። 2015 ላይ ኦክላንድ እያለ ሾርትስቶፕ ሆኖ 35 ኤረር ሰራ፣ በሊጉ አንደኛ። "ይሄ ልጅ ሾርትስቶፕ አይሆንም" ያላለ አልነበረም። ሮን ዋሺንግተን ሚባል አሰልጣኝ በየቀኑ ከጨዋታ በፊት ይዞት ይወጣል፣ ልጁን አንበርክኮ ትንሽዬ ጓንት አስጠልቆ አጠገቡ ሆኖ አጫጭር ነጥራ ምትመጣ ኳስ ይሰጠዋል፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ፊት ለፊት፣ እጅ ብቻ እስኪሰራ። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። 2021 ላይ ቶሮንቶ ገብቶ ሰከንድ ቤዝ ተጫወተ፣ 45 ሆም ረን መታ፣ ጎልድ ግሎቩንም ወሰደ፣ ከዛ ቴክሳስ የ7 አመት 175 ሚሊየን ዶላር ኮንትራት አስፈረመው፣ 2023 ላይ ከነሱ ጋር ዎርልድ ሲሪየስ በላ። በ2015 የፈረደበት ሰው ሁሉ አሁን "እኔማ ድሮም አውቀው ነበር" ነው ሚለው።

አንዲት ኳስን የሰው ህይወት ማድረግ

የቦስተኑ ፈርስት ቤዝ ቢል በክነር። ስሙን ስትጠሩ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው ሚያውቀው፣ በእግሮቹ መሃል ያለፈችውን ኳስ። ጥቅምት ወር 1986 በነሱ አቆጣጠር፣ ኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም፣ ዎርልድ ሲሪየስ ጨዋታ 6። ቦስተን ከ1918 ጀምሮ ዋንጫ አላየም፣ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 እየመራ ነው፣ ይቺን ካሸነፈ አለቀ።

አሁን ሰው ሚረሳውን ልንገራችሁ። በአስረኛው ኢኒንግ (ዙር) ቦስተን 5 ለ 3 ይመራ ነበር፣ የኒውዮርኮቹ ሜቶች ሁለት አውት ሆነው (ሶስተኛው ተራቸውን ይዘጋዋል) ቤዝ ላይ ማንም የላቸውም። ከዛ ሶስት ሂት ተከታትሎ መጣ፣ ፒቸር ተቀየረ፣ ተቀይሮ የገባው ፒቸር ከአቅጣጫ ውጪ ወርውሮ አቻ ሚያደርገው ረን ገባ። ልብ በሉ፣ 5 ለ 5 የሆነው ኳሷ በክነር ጋ ከመምጣቷ በፊት ነው። ሙኪ ዊልሰን መታት፣ ቀስ ብላ እየተንከባለለች መጣች፣ በክነር ጎንበስ አለ፣ ጓንቱ ስር አለፈች፣ አሸናፊው ረን ገባ። እና ከዛ በኋላም ጨዋታ 7 ነበረ፣ ቦስተን እዛም 3 ለ 0 መርቶ ነው 8 ለ 5 የተሸነፈው። ይሄ ሁሉ እንዴት አንድ ሰው ላይ ተጫነ?

ለዛውም ቁርጭምጭሚቱ የተበላሸ የ36 አመት ሰውዬ ነው፣ ቦስተን ሲመራ መጨረሻ ላይ በሱ ቦታ ሚገባ ተቀያሪ ነበር፣ የዛን ቀን አሰልጣኙ አልቀየረውም። አንድ አመት ወደኋላ ብትሄዱ ደሞ ያው በክነር 1985 ላይ 184 አሲስት አድርጎ በጊዜው የፈርስት ቤዝ ሪከርድ ይዞ የነበረ ሰው ነው። 22 ሲዝን፣ 2,715 ሂት፣ 1980 ላይ ከቺካጎ ከብስ ጋር የናሽናል ሊግ የመምታት አንደኛ። በ2008 ፌንዌይ ፓርክ የመጀመሪያዋን ኳስ እንዲወረውር ጋብዘውት ህዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፣ ግን ከዛ በፊት ቦስተን ሁለቴ ዋንጫ በልቶ ነበርና ይቅርታውም ሲጠግቡ የመጣ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። 2019 ላይ ሞተ፣ ዜናውም ያችን ኳስ ነው ያስቀደመው።

አሁን ይሄን ከኢያን ኪንዝለር ጋር አስተያዩት። 2018፣ ያው ቦስተን፣ ዎርልድ ሲሪየስ ጨዋታ 3 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ በ13ኛው ኢኒንግ ቦስተን እየመራ ሁለት አውት አለ፣ አንድ አውት ብቻ ቀረ፣ ሰከንድ ቤዙ ኪንዝለር ኳሷን ለቅሞ ሲወረውር ሳታት፣ አቻ ሆኑ፣ ጨዋታው እስከ 18ኛው ኢኒንግ ሄዶ ከሰባት ሰአት በላይ ፈጅቶ ቦስተን ተሸነፈ። ስህተቷ ከበክነር አታንስም፣ እንደውም እሷ ናት ድሉን ከእጅ ያወጣችው። ግን ቦስተን ቀጣዮቹን ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን 4 ለ 1 ስለወሰደ የኪንዝለርን ኤረር ዛሬ ከደጋፊ ውጪ ሚያስታውስ የለም። ልዩነቱ ከሱ በኋላ ሌሎቹ የሰሩት ስራ ነው።

መወርወር ያቃተውን "አለቀለት" ማለት

ሰከንድ ቤዝ ላይ በተለይ ሚታይ ነገር ነው፣ ጤነኛ ሰው፣ ክንዱ ምንም አልሆነም፣ ድንገት ያቺን አጭሯን ውርወራ መወርወር ያቅተዋል። ስቲቭ ሳክስ 1982 ላይ የአመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ በቀጣዩ አመት 30 ኤረር ሰራ። አላለቀለትም፣ ተስተካከለ፣ 1989 ላይ ያንኪስ ሄዶ በአሜሪካን ሊግ ካሉት ሰከንድ ቤዞች በፊልዲንግ ፐርሰንቴጅ (ኳስ ሳያበላሹ በመጫወት መቶኛ) አንደኛ ሆነ። ቸክ ኖብላክ ግን 1997 ላይ ጎልድ ግሎቭ ወስዶ የመጣ ሰው ነው፣ ኒውዮርክ ላይ ያዘው፣ 2000 ላይ የወረወራት ኳስ ደጋፊ መሃል ገብታ አንዲት እናት ፊት ላይ አረፈች፣ በቀጣዩ አመት ወደ አውትፊልድ አዛወሩት፣ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ማን እንደሚተርፍ ከውጪ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚህ ቲቪ ፊት ተቀምጦ ሳይካትሪስት መሆን ይቅርብን።

ተረቱን እንዳለ መዋጥ

የያንኪሱ ፈርስት ቤዝ ዋሊ ፒፕ "ራሴን አሞኛል" ብሎ አንድ ቀን አርፎ ቦታውን ለሉ ጌሪግ አስረከበ ሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ አለቆች ከስራ እንዳንቀር ማስፈራሪያ ያደርጉታል። ግን የዛን አመት፣ 1925 ማለት ነው፣ ያንኪሶች ክፉኛ እየተሸነፉ ነበር፣ ፒፕም መምታት አቅቶት ነበር፣ አሰልጣኙ ቡድኑን ሲበውዝ ነው ጌሪግ የገባው። እና ጌሪግ 2,130 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫወተ፣ ሪፕከን ደሞ እዚሁ ባልቲሞር 1995 ላይ ያን አልፎ 2,632 አደረሰው።

ድራፍት ሆነ ማለት ሀብታም ሆነ ማለት ይመስለናል

ይሄኛው ልጆቻቸውን ለሚያሰለጥኑ ወላጆች ነው። ልጁ በቡድን ተመርጦ ፈረመ ማለት ገና መንገድ ጀመረ ማለት ነው፣ ከታች ሲንግል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ ነው ሚወጣው። ብዙው ሰው እዛው ይቀራል። ማይነር ሊግ ያሉ ተጫዋቾች በማህበር ተደራጅተው 2023 ላይ ከተፈራረሙ በኋላ እንኳ የትሪፕል ኤ ዝቅተኛ ክፍያ በአመት 35,800 ዶላር ነበር፣ ያ ማለት ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ብሎ። ሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ ከፍላችሁ ምታውቁ ሰዎች ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት። ሜጀር ሊግ የገባ ሰው ዝቅተኛው ደሞ 2025 ላይ 760,000 ዶላር ነበር፣ በመሃላቸው ያለው ገደል ይሄ ነው።

ላይ ከገቡም በኋላ ቀን ይቆጠራል። ነጻ ሆኖ ከፈለገው ቡድን ጋር ለመደራደር ስድስት ሙሉ አመት ማገልገል አለበት፣ አንድ አመት ሚባለው ደሞ 172 ቀን ነው። ክሪስ ብራያንት ሚባል የቺካጎ ከብስ ተርድ ቤዝ 2015 ላይ ከሲዝኑ በፊት ባሉት ጨዋታዎች እንደጉድ እየመታ ወደ ታች መለሱት፣ ሲዝኑ ከጀመረ በኋላ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ጠሩት፣ መጨረሻ ላይ ሲቆጠር 171 ቀን። አንድ ቀን ጎደለው! አንድ አመት ሙሉ ተጨማሪ ለነሱ ተጫወተ ማለት ነው። ልጁ የአመቱ ጀማሪ ተባለ፣ በቀጣዩ አመት ኤምቪፒ ሆነ፣ ቅሬታ አቅርቦ 2020 ላይ ተፈረደበት። ቡድኑ ህጉን አልጣሰም፣ ህጉ ነው እንደዛ ሚያስደርገው። ከ2022 ስምምነት ወዲህ ለአመቱ ጀማሪ በሚሰጠው ድምጽ አንደኛና ሁለተኛ ሚወጡት ሙሉ አመት ይቆጠርላቸዋል፣ የብራያንት ነገር ነው ያመጣው ማለት ይቻላል። ስለዚህ "ይሄ ልጅ ለምን ዘግይቶ ገባ፣ ድክመት ቢኖርበት ነው" ከማለታችሁ በፊት ካላንደር እዩ።

ዘግይቶ ስለመግባት ካነሳን ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 1947 ሲገባ 28 አመቱ ነበር። ጥቁር ስለሆነ በሩ ተዘግቶበት እንጂ ሳይችል ቀርቶ አይደለም። መጀመሪያ ያቆሙት ፈርስት ቤዝ ላይ ነው፣ ያልለመደው ቦታ፣ 1948 ላይ ወደ ሰከንድ ቤዝ ሄዶ በ1949 ኤምቪፒ ሆነ። የተጫወተው አስር ሲዝን ብቻ ነው፣ ጠቅላላ ሂቱን ሃያ አመት ከተጫወተ ሰው ጋር ሚያወዳድር ካያችሁ ክርክሩን ትታችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

የድሮውንና ያሁኑን በአንድ ሚዛን

እስከ 2022 ድረስ ቡድኖች ለግራ እጅ መቺ ሶስት ኢንፊልደር በአንድ በኩል ያሰልፉ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ከሰከንድ ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት፣ እግራቸውም ከአፈሩ የኋላ ጠርዝ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ በኮምፒውተር ትዕዛዝ ትክክለኛ ቦታ ላይ ቆሞ ጎበዝ ይመስል የነበረ ሰከንድ ቤዝ ከዛ በኋላ ድንገት መሮጥ ግድ ሆነበት፣ የቁጥሩ ለውጥ የሱ ድክመት ላይሆን ይችላል።

ክብ ቁጥር ማምለክ

ሶስት ሺህ ሂት፣ አምስት መቶ ሆም ረን፣ እንዲህ ያለ ቁጥር እንወዳለን። ቅድም ያነሳሁት ኪንዝለር በ17ኛው ዙር ድራፍት የተመረጠ ልጅ ነው፣ ማንም አልጠበቀውም፣ አራት ጊዜ ኦልስታር (የአመቱ ምርጦች ጨዋታ ተመራጭ)፣ ሁለት ጎልድ ግሎቭ ሰበሰበ። 2019 ላይ አንገቱን አሞት ሲያቆም ሂቱ 1,999 ነበር። አንዲት ሂት! ሰው ሁሉ "አንድ ቀን ተመልሶ አንዷን መትቶ አይወጣም ነበር?" አለ። እሱ የእስራኤል ዜግነት አወጣና በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ለእስራኤል ተሰልፎ ተጫወተ፣ ቡድኑም ሜክሲኮን አሸንፎ አምስተኛ ወጣ፣ 2023 ላይ ደሞ የእስራኤልን ብሄራዊ ቡድን ይዞ በአሰልጣኝነት ወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ ሄደ። ሁለት ሺኛዋ ሂት እስካሁን የለችም።